አናቴ ሳሳ፣ ጥፍሬም ተሰነጠቀ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዓሣ እየጠበስኩ ነው የምተዳደረው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ መሃል አናቴ እየሳሳ መጥቶ፣ አሁን የሳንቲም ያህል ቦታ ለስልሶ ያበራል። ዙሪያውን ያሳክከኛል፣ ያቃጥለኛል። የአውራ ጣቶቼ ጥፍርም ሳስቶ ከመሃል ተሰነጠቀ። ፋርማሲ «ፈንገስ ነው» ብለው የሰጡኝን ኪኒን ሦስት ወር ዋጥኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ጎረቤት ደግሞ «ሹሩባው ነው፣ ቅቤ ተቀቢ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አናትሽንና ጥፍርሽን አብረሽ ማንሳትሽ በጣም ጠቅሞኛል። ብዙ ሰው ለፀጉሩ ሲታከም ጥፍሩን አያሳይም። ሳላይሽ ይሄ ነው ማለት አልችልም፤ ግን ሁለቱንም የሚያጠቃ ላይከን ፕላነስ የሚባል በሽታ አለ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥርና የጥፍር መብቀያ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። አይተላለፍም።

እስቲ ጥፍርሽን ብርሃን ላይ እዪው። ከሥሩ ያለው ቆዳ ወደ ፊት ተስቦ ጥፍሩን ለሁለት ከፍሎታል? እንደዚያ ከሆነ ጠባሳ ነው። በሥራሽ ምክንያት እጅሽ ውሃ ውስጥ መዋሉ የጥፍርን ዙሪያ ያሳብጣል እንጂ እንዲህ አያደርግም። አናትሽም ላይ የፀጉር ቀዳዳዎቹ ጠፍተው ከሆነ ያው ጠባሳ ነው፣ እዚያ ፀጉር ተመልሶ አይበቅልም። ይህን ሸፋፍኜ ልነግርሽ አልፈልግም። ሕክምናው የሚያተርፈው የቀረውን ነው፣ ስለዚህ አትቆዪ።

ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄደሽ የቆዳ ሐኪም እንዲያይሽ ጠይቂ። ቦታው ደንዝዞ 4 ሚሊሜትር የምታህል ቆዳ ለናሙና ትወሰዳለች። ታዲያ ከሚያበራው መሃል አይደለም፤ ፀጉር ካለበት፣ ከሚያሳክክሽ ጠርዝ ነው መወሰድ ያለባት። ከመሃሉ ከሆነ የሚገኘው ጠባሳ ብቻ ነው። ሉፐስ የሚባለው፣ እሱም የሰውነት መከላከያ ራሱን ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ፣ ይህን ስለሚመስል የሚለየው በናሙናው ነው። ጥፍርሽም ተቆርጦ ለፈንገስ ይመርመር፣ ያለ ምርመራ ሌላ ኪኒን አትዋጪ።

ከተረጋገጠ ክሎቤታሶል ቅባት፣ በጠርዙና በጥፍሩ ሥር የትሪያምሲኖሎን መርፌ፣ አንዳንዴም ዶክሲሳይክሊን ወይም ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይታዘዛል። የመጨረሻው የዓይን ክትትል ይፈልጋል፣ መጠኑም ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደትሽ በቀን ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ። መጀመሪያ የሚለቅሽ ማሳከኩ ነው፣ ለውጡ ወራት ይፈጃል። በየወሩ አናትሽን ፎቶ አንሺው።

ሹሩባ ጠብቆ ሲሠራ በአብዛኛው የሚያሳሳው ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ነው። ለማንኛውም ላላ ይበልልሽ። ቅቤው ለዚህ መድኃኒት አይሆንም። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ገና ስትገቢ ለሐኪሙ ንገሪው።