ስለ እናትዎ የፊዚዮቴራፒ ጉዳይ

ቀድሞም ድባቴ የነበረባቸው እናትዎ ከስትሮክ በኋላ የፊዚዮቴራፒ (የሰውነት ማገገሚያ) እንቅስቃሴውን ማቆማቸው ስንፍና ይሆን ብለው ለጠየቁት፣ ስንፍና አይመስለኝም። ስትሮክ ካጋጠማቸው ከ3 ሰዎች 1ዱ ገደማ ድባቴ ይይዘዋል፤ ቀድሞ ድባቴ ለነበረበት ደግሞ ስጋቱ ይብሳል። ከዚህም በላይ የአንጎል ጉዳቱ ራሱ ተነሳሽነትን፣ ትኩረትንና ማስታወስን ሊቀንስ ስለሚችል፣ «ኳሷን 10 ጊዜ ይጨብጡ» የተባሉ እናት ሦስተኛው ላይ ሲያቆሙ እምቢ ብለው ሳይሆን ቁጥሩ ጠፍቷቸው ሊሆን ይችላል። እኔም አባቴን እዚሁ ባሕር ዳር ሳስታምም ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው (ብዙ ተቆጥቼአቸዋለሁ)፤ መቁጠር ስለማያስፈልገው፣ ጠዋት በጣና ዳር ከዋርካው እስከ ታንኳዎቹ ብቻ መራመድ ግን አይከብዳቸውም ነበር። ለፊዚዮቴራፒስቱም ለአእምሮ ሐኪሙም ሁለቱንም ሕመም ይንገሩ። የድባቴ መድኃኒት ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ ጠበል ቢሄዱም እንዳያቋርጡት። «መሞት ይሻለኛል» ካሉ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።