ለእናትሽ የቱን ትመርጫለሽ? የስፓ ስሞቹን በሥራው ካለፍኩበት ልንገርሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። እህትማማቾቹ አዋጥታችሁ ለእናታችሁ የስፓ ካርድ ገዝታችኋል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን «ስዊዲሽ፣ ዲፕ ቲሹ፣ ሆት ስቶን፣ አሮማ ቴራፒ፣ ሪፍሌክሶሎጂ፣ ካፒንግ፣ ሞሮኮ ባዝ» ተደርድሮ የቱ ምን እንደሆነ ግራ ገብቶሻል። እናትሽ ስኳርና ደም ግፊት እንዳለባቸውም ጽፈሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ አብዛኞቹ «ሆት ስቶን ይውሰዱ፣ ደም ያዘዋውራል» ብለዋል። እኔ በማሳጅ ሙያ አዲስ አበባም ዱባይም ሠርቻለሁ፤ ለእሳቸው ከዝርዝሩ መጀመሪያ የምሰርዘው እሱኑ ነው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ሆት ስቶን በሞቀ ድንጋይ መታሸት ነው። ድንጋዮቹ ባዛልት የሚባሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ናቸው፤ ሙቀት ይዘው ስለሚቆዩ ነው የሚመረጡት። ከማሞቂያው ወደ 50 ዲግሪ ገደማ ሆነው ይወጣሉ፤ ባለሙያዋ በእጇ ይዛ በረድ እስኪሉ ትጠብቅና ዘይት ቀብታ ጀርባና እግር ላይ ታንሸራትታቸዋለች። ጤነኛ ሰው ሲበዛበት «ኧረ አቃጠለኝ» ይላል። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው ግን የእግሩ ነርቭ ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል ቆዳው ውሃ እስኪቋጥር ላይታወቀው ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የእግር ቁስል ጣጣ ስኳር የገባበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ፔዲኪዩር ቢያሠሩም የመዘፍዘፊያውን ውሃ አንቺ በክርንሽ ለኪው፤ እሳቸው በእግራቸው አይለኩት።

አሁን ወደ ስሞቹ። ዝርዝሩ ምንም ቢረዝም የሚለያዩት በሦስት ነገር ነው፦ እጁ ምን ያህል ይጫናል፣ ምን ያህል ይሞቃል፣ ቆዳ ላይ ምን ይቀባል። ይህን ከያዝሽ የማታውቂው ስም ቢመጣም ጠይቀሽ ትረጂዋለሽ።

ስዊዲሽ የሁሉም መነሻ ነው። በዘይት ረጅም ረጅም እያደረጉ ማሸት፣ ጡንቻውን እንደ ሊጥ ማሸት፣ መጨረሻ ላይ ቀለል አድርጎ መምታት። ሙያውን ስንማር የእጅ አካሄዶቹን በፈረንሳይኛ ስማቸው ነው የምናጠናቸው፤ በዚያ መልክ በማደራጀት ስሙ የሚነሳው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ሜዝገር የሚባል የሆላንድ ሐኪም ነው። ዲፕ ቲሹ ደግሞ በክርንና በክንድ ጭምር ቀስ እያሉ ወደ ውስጠኛው ጡንቻ መግባት ነው። ብዙ ደንበኛ «ካላመመ አልሠራም» ብሎ ያምናል፤ በተለይ ወንዶቹ፣ በልጅነታቸው ወለምታ ሲገጥማቸው ወጌሻ ያሻቸው ስለሆኑ «ጠበቅ፣ ጠበቅ አድርጊው!» ይላሉ። ሰውየው ትንፋሹን ከያዘ እኔ እጄን አቀላለሁ፤ ያን ጊዜ ጡንቻው ራሱ እየታገለኝ ነውና። እናትሽ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በዲፕ ቲሹ ሰውነታቸው ይበልዛል። አይሆናቸውም።

አሮማ ቴራፒ ማለት ያው ስዊዲሹ ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ላቬንደር ወይም ሌላ መዓዛ ያለው የተክል ዘይት ጠብ ሲደረግበት ነው። ስሙን ያወጣው ጋትፎሴ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ሲሆን በጉዳዩ መጽሐፍ ያሳተመው በ1937 ነው። እኛ ደግሞ ጉንፋን ሲይዘን ባሕር ዛፍ አፍልተን ስንታጠን ነው ያደግነው፤ ስለዚህ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልብ በይ፦ ለ30 ሚሊ ሊትር ተራ ዘይት የመዓዛው ዘይት 12 ጠብታ ገደማ ይበቃል። ሳይበረዝ ቆዳ ላይ የሚቀባ ቤት ካጋጠመሽ ይዘሻቸው ውጪ። አስም ካለባቸውም ያለ ሽታ ይሁን በያቸው።

ሪፍሌክሶሎጂ የእግር መዳፍን በአውራ ጣት እየጫኑ መሥራት ነው። ይህችኛዋ ነጥብ የኩላሊት፣ ያቺኛዋ የጉበት የሚል ካርታ አላቸው። ካርታውን ያስፋፋችው ዩኒስ ኢንግሃም የተባለች አሜሪካዊት ናት፣ በ1930ዎቹ። እኔ የማውቀው ደክሞ የዋለ እግር ሲታሽ ሰውነት ሁሉ እንደሚፍታታ ነው። እግር ጨብጣ «ኩላሊትዎ ታሟል» የምትል ባለሙያ ግን ሰው ታስደነግጣለች እንጂ አትመረምርም፤ ይህን የሚለየው ላብራቶሪ ነው። እናትሽ እግራቸው ላይ ቁስል ወይም ስንጥቅ ከሌለ በቀላል እጅ ሊታሹ ይችላሉ።

ካፒንግን እሳቸው ከአንቺ በላይ ያውቁታል፤ ዋገምት ነው። ድሮ በቀንድ ነበር፣ ዛሬ በብርጭቆና በፕላስቲክ ሆነ። ዓረብ አገር የነበራችሁ ሂጃማ በሚል ስሙ ታውቁታላችሁ። በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ ላይ የዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ትከሻ ላይ የታዩት ክብ ክብ ምልክቶች ያው እሱ ናቸው። ያ ወይን ጠጅ ቀለም መጥፎ ደም ተስቦ መውጣቱ አይደለም፤ ደቃቅ የደም ሥሮች ተበጥሰው ደሙ ቆዳ ሥር ሲፈስ የሚመጣ ነው። በምላጭ የሚበጣው ዓይነት ምላጩም ዕቃውም ንጹሕ ካልሆነ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ያስተላልፋል። ቁስሉ ቶሎ ለማይድን የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ሞሮኮ ባዝ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ሙሽራው ሁሉ የሚሰለፍበት ነው። መጀመሪያ እንፋሎት ክፍል ትገቢያለሽ። ከዚያ ከወይራ ዘይት የሚሠራ፣ እንደ ጄል የሚያሟልጭ ጥቁር ሳሙና ተቀብቶ ጥቂት ይቆያል። ቀጥሎ ከሳ በሚባለው ሻካራ ጓንት ከላይ እስከ ታች ትታሺያለሽ፤ ግራጫ ጥቅልል እየሆነ ከክንድሽ ላይ ሲራገፍ ታፍሪያለሽ፣ አትፈሪ፣ ሁሉም ሰው ላይ ይወጣል። «መርዝ ወጣልሽ» ሲሉሽ ግን ሳቂና እለፊ፤ የሞተ ቆዳ ነው። መጨረሻ ጋሱል የሚባል ጭቃ ይቀባል። ለእናትሽ የሚያሳስበኝ እንፋሎቱ ነው። ሳውና ደረቅ ሆኖ ከ70 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ እንፋሎት ክፍሉ ከ40 እስከ 50 ገደማ ቢሆንም እርጥበቱ ያፍናል። ሙቀት የደም ሥርን ያሰፋል፣ የግፊት ክኒኑም ግፊቱን ያወርዳል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሰው ብድግ ሲል ዓይኑ ይጨልማል። ወለሉ ደግሞ በሳሙና ያሟልጫል። በጣም ካማራቸው ያለ እንፋሎት፣ ጓንቱም እግራቸውን ሳይነካ ይሁን።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ስዊዲሽ ነው፤ ቀለል ባለ እጅ፣ ሽታ በሌለው ዘይት፣ በሴት ባለሙያ። ሐኪማቸውን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ግፊታቸው ያልተስተካከለ ከሆነ፣ ትኩሳት ካላቸው ወይም አንድ እግራቸው ብቻ አብጦ ካመማቸው ቀኑን አዘዋውሪው። አንድ እግር ማበጥ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ማሸት አደገኛ ነው፤ እሱ የሐኪም ጉዳይ ነው።

ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ የሚወጉበትን ቦታ ለባለሙያዋ ይንገሯት። ቦታው ሲታሽ ወይም ሲሞቅ መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ደም ይገባና ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ጾም ከሆነም ባዶ ሆዳቸውን እንዳትወስጃቸው፤ ቀለል ያለ ነገር ቀምሰው ይሂዱ፣ አንቺም ቦርሳሽ ውስጥ ከረሜላ ያዢ። እሽታው ሲያልቅ ወዲያው አይነሱ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ።

ከመጀመሩ በፊት ስለ ጤና የሚጠይቅ ቅጽ የማያስሞላ ቤት ከሆነ ካርዱን ሌላ ሰው ይጠቀምበት። ከተማው ውስጥ ማሳጅ የሚለውን ስም ለሌላ ሥራ መጋረጃ ያደረጉ ቤቶች እንዳሉም ስለምታውቂ፣ አስቀድመሽ ሄደሽ በዓይንሽ እዪው።

«እማዬ ማፈሯ አይቀርም» ያልሽው ደግሞ አያስጨንቅሽ። የውስጥ ልብሳቸውን አያወልቁም፤ ባለሙያዋ ትወጣለች፣ እሳቸው አንሶላ ሥር ይተኛሉ፣ የሚታሸው ቦታ ብቻ እየተገለጠ ይሸፈናል። ማተባቸውንም ማንም አይነካባቸውም፤ እኔ አንገት ላይ ስደርስ ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ዘይት እንዳይነካው በትንሽ ፎጣ እሸፍነዋለሁ፣ እሷም እንዲሁ እንድታደርግ ንገሪያት። ስፓው ሁሉ እንግዳ ከሆነባቸው ደግሞ ፍል ውሃ የለመዱ እናት ናቸውና፣ ካርዱን አንቺ ተጠቀሚበትና ሐኪማቸው ከፈቀደ እሳቸውን ወደዚያው ውሰጂያቸው። ገንዳው ውስጥ ብዙ አይቆዩ፣ ብቻቸውንም አይሁኑ።