ወተት የመሰለው የዓሣ ገንዳ ውሃ

ጥያቄ፦ 60 ሊትር የሚይዝ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ካዘጋጀሁ ገና 10 ቀኔ ነው። በ3ኛው ቀን ውሃው ወተት ጠብ ያለበት መሰለ። ሁሉንም ደፍቼ፣ ጠጠሩንና የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ አጥቤ እንደገና ሞላሁት። አንድ ቀን ጠርቶ ዋለና ተመልሶ ደፈረሰ። ይህንኑ 3 ጊዜ ደጋግሜያለሁ። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ 6ቱም ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ይተነፍሳሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት ለዓሦቹ አየር ይድረሱላቸው። የአየር ፓምፕ ካለዎት ሌሊትም ሳይጠፋ ይሥራ፤ ከሌለዎት የማጣሪያውን መውጫ ከፍ አድርገው ውሃው ከላይ እንዲንቦጫረቅ ያድርጉ።

የደፈረሰው በጠጠር አቧራ ቢሆን ኖሮ ገንዳው እንደተሞላ ወዲያው ታይቶ ቀስ በቀስ በዘቀጠ ነበር። የእርስዎ ውሃ ግን ጠርቶ ከቆየ በኋላ ነው የነጣው፤ ይህም የምግብ ትራፊና የዓሦቹን ኩስ የሚመገቡ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ በብዛት መራባታቸውን ያሳያል። ባክቴሪያዎቹ በስፖንጁ ቀዳዳ የሚያልፉ ጥቃቅን ስለሆኑ ማጣሪያው አያስቀራቸውም፤ ኦክስጅንም ስለሚሻሙ ዓሦቹን ያፍናሉ።

ገንዳው የሚያስፈልጉት ባክቴሪያዎች ሌሎች ናቸው። እነዚህ ከዓሦቹ ኩስና ከምግብ ትራፊ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት የሚለውጡት ሲሆኑ፣ የሚኖሩት በአብዛኛው በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። ነጩን ድፍርስ የሚያመጡት በሰዓታት ውስጥ ሲበዙ፣ እነዚህ ግን እጥፍ ለመሆን አንድ ቀን ገደማ ሊፈጅባቸው ስለሚችል አዲስ ገንዳ እስኪረጋጋ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። እርስዎ ስፖንጁን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ባጠቡ ቁጥር የተጀመረውን እያጠፉ ከዜሮ እየጀመሩ ነበር። እኔም በጀማሪነቴ ስፖንጁ ላይ የሚጠራቀመውን ቡናማ አተላ እንደ እድፍ ቆጥሬ ስፖንጁ ነጭ እስኪሆን ፈትጌዋለሁ፤ አሁን ግን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ ያም የውሃው ፍሰት ሲቀንስ ብቻ ነው።

ማጠቡን ያቁሙ ስልዎ ውሃ አይቀይሩ ማለቴ አይደለም። ዓሦቹ አየር ያጠራቸው በአሞኒያም ሊሆን ስለሚችል፣ የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ አግኝተው ይለኩ። ከሁለቱ አንዱ ከ0 በላይ ከሆነ፣ ጠጠሩንና ስፖንጁን ሳይነኩ የውሃውን ሩብ ያህል በየቀኑ ይቀይሩ። የሚጨምሩት ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተቀራረበና በክሎሪን ማስወገጃ የታከመ ይሁን። ውሃን በክፍት ባልዲ ማሳደር ክሎሪንን ቢያስወጣም፣ በአንዳንድ ቦታ በክሎሪን ፋንታ የቧንቧ ውሃ የሚታከምበትን ክሎራሚንን ግን አያስወግድም።

ምግቡንም ይቀንሱ። ለጥቂት ቀናት በቀን አንድ ጊዜ፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ቁንጥር ብቻ ይስጡ፤ ጤነኛ ዓሣ አንድ ሁለት ቀን ሳይበላ ቢውል አይጎዳም። ከጠጠሩ መሐል የተሰገሰገውን ትራፊ በቀጭን ቱቦ መምጠጥ ይቻላል። ውሃ ያጠራሉ ተብለው የሚሸጡትን ፈሳሾች ለዚህ ችግር አልመክርም፤ ብናኙን አጓጉለው ለማጣሪያው ቢያመቹትም የባክቴሪያዎቹን ምግብ አያስቀሩትም።

ምናልባት ድፍርሱ ሌላ ዓይነት እንደሆነ ከተጠራጠሩ፣ ውሃውን በብርጭቆ ቀድተው ከነጭ ወረቀት ፊት ያስቀምጡት። አረንጓዴ ከሆነ አልጌ ነውና መብራቱን በቀን ወደ 6 ሰዓት ይቀንሱ፤ ገንዳው ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ከሆነም ይከልሉት። ጥርት ብሎ የሻይ መልክ ካለው ለጌጥ ከገባ እንጨት የወጣ ቀለም ስለሆነ በአብዛኛው አያሳስብም።

ነጩ ድፍርስ ካልተነካካ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይጠራል። ሆኖም ውሃው ጠራ ብለው ተጨማሪ ዓሣ አያስገቡ፤ አሞኒያውም ናይትራይቱም በተከታታይ ልኬት 0 እስኪሆኑ ይጠብቁ።