ሰኞም የእግዚአብሔር ቀን ነው

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ካፌ ተቀምጠንም ሆነ ለቅሶ ቤት ተገናኝተን ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ትነግሩኛላችሁ። «ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ልቤ ይሞላል፤ ሰኞ ሥራ ስገባ ግን ሁሉም ነገር ባዶ ይሆንብኛል» ትላላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ ትሠራላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ወረዳ ተቀጥራችኋል። ተመርቃችሁ ሥራ የምትፈልጉም አላችሁ፤ የእናንተ ቀን ደግሞ ከሁሉም ይረዝማል።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። መንዝ፣ ጣርማ በርና አንጎለላ በግብርና ባለሙያነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ክርስትናን ከቤተ መቅደስ ቀጥሎ የተማርኩት ማሳ ላይ፣ ከገበሬ ነው። የምነግራችሁም ያንኑ ነው።

የብዙዎቻችሁ ችግር ምልክት መጠበቅ ይመስለኛል። ሕልም፣ ራእይ፣ ድንገት የሚመጣ እንባ ትጠብቃላችሁ። የከተማችንን ታሪክ ታውቁታላችሁ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ብርሃን ከሰማይ ሲወርድ አይተው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። እኛ ስንተርከው ብርሃኑ ላይ እናቆማለን። ንጉሡ ግን ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ መናገሻቸውን እዚሁ ብርድ ውስጥ አድርገው ለዓመታት ኖረዋል። ቅዳሴው፣ ፍርዱ፣ የእንግዳው መስተንግዶ የየዕለት ሥራ ነበር።

ጌታችንስ? ማስተማር ሲጀምር 30 ዓመት ያህል እንደሆነው ሉቃስ ጽፏል። ከዚያ በፊት የናዝሬት ሰዎች የሚያውቁት በጠራቢነት ነው። ያ ሁሉ ዘመን ወንጌል ውስጥ በጥቂት መስመር ያለፈ ነው። እንጨት ሲጠርብ የዋለባቸው ቀኖች ግን ከንቱ አልነበሩም። ይህን የምታምኑ ከሆነ የእናንተም ማክሰኞ ከንቱ ሊሆን አይችልም።

አንድ ዓመት መንዝ ላይ ውርጭ ገብሱን መታው። ዘር ያጣው ገበሬ ብዙ ነበር። አንዲት ባልቴት ቤት ተቀምጬ ሳለ ጎረቤታቸው ዘር ሊበደር መጣ። እማማ ከጎታው ገብስ እየቀዱ ቁናውን ሞሉት። ከዚያ ግራና ቀኝ ነቀነቁት። ሲነቀነቅ ጎደለ፤ ጨመሩ። እንደገና ነቀነቁት። አናቱ ላይ ከመሩና ቁርበቱ ላይ የፈሰሰውን ፍሬ በጣታቸው እየለቀሙ መልሰው ጨመሩበት። ሰውየው «ኧረ ይበቃል እማማ፣ ስመልስ ይከብደኛል» አለ። እሳቸውም «አንተ ስትመልስ በልኩ መልስ፤ እኔ ስሰፍር እግዜር ያየኛል» አሉት።

ወንጌል ላይ ስላለው የተነቀነቀ መስፈሪያ ሲነበብ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። እማማ ፊደል የቆጠሩ ሰው አልነበሩም።

እናንተም የምትሰፍሩት ነገር አላችሁ። የፈረቃ ሠራተኛ ከሆንክ ሰዓትህ ነው፤ ላልመጣ ጓደኛህ አትፈርምለት። ነርስ ከሆንሽ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚጣራው በሽተኛ ነው፤ ማንም አያይሽም፣ ግን ትነሻለሽ።

ወረዳ ለምትሠሩት ደግሞ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ገበሬው ሌሊት ተነስቶ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ይመጣል። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ዱላውን በር ላይ አስደግፎ፣ ቆቡን አውልቆ ይቆማል። «ነገ ና» ይባላል። ለእናንተ ነገ ማለት ነገ ነው። ለእሱ ግን ማደሪያ መለመን ነው፤ ስንቁ ያለቀበት ሌሊት ነው፤ በሬዎቹን ለጎረቤት ጥሎ መጨነቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈልገው አንዲት ፊርማ ናት። እንግዳ ሆኜ ነበር ያለው ጌታ ከዚያ ሰው ጋር ሰልፍ ላይ ቆሟል ብዬ ነው የማምነው። ፈርሙለት። ፊርማው የእናንተ ካልሆነ ተነሱና ባለፊርማው ጋ ይዛችሁት ሂዱ። ያን ቀን ማታ «ሕይወቴ ትርጉም የለውም» ብትሉኝ አላምናችሁም።

እምነት ከኑሮ ጋር ሲጋባ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ መንዝ ውስጥ ወዳለው የሳር ምድር፣ ወደ ጓሣ ይውጣ። አባቶቻችን ከ400 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ሳሩን በቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም ራሳቸው በመረጡት አለቃ በሚመራ የአገር ሕግ፣ ሲጠብቁት ኖረዋል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለክፉ ቀን የከብት መኖ ይሆናል። ለዓመታት ዘግተውት ይቆዩና ሲደርስ በበጋ ይከፍቱት ነበር። መልሰው የሚዘጉት የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሐምሌ 5 ቀን ነበር። የበዓሉ ቀን የሳሩም ሕግ ነበር ማለት ነው። ጴጥሮስ ወጳውሎስን አክብሮ በማግስቱ ማጭዱን ይዞ ጓሣ የገባ ሰው በዓሉንም ጎረቤቱንም ደፈረ። ዛሬ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እዚያ የሚታዩት ሰዎቹ ሃይማኖታቸውን ግጦሽ ድረስ ይዘውት ስለወጡ ነው። እኔ በሙያዬ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ። የዚህን ያህል ልቤን የነካው የለም።

ጾምም እንዲሁ ነው። ሰባቱን አጽዋማት የምትጾሙ ብዙ ናችሁ፤ ደስ ይለኛል። ግን ያልበላችሁት ምሳ የት ሄደ? ከጾመኛ አፍ የተረፈው የድሃ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ደብረ ብርሃን በተፈናቀለ ሰው ተሞልታ ነበር። የነቢያት ጾም የሚገባበት ወር ነው፤ ብርዱንም ታውቁታላችሁ። እንጀራ በመሶብ ተሸክመው የወጡ እናቶች ነበሩ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ የሰጠ ነበር። ያን ሰሞን ስለ ሕይወት ትርጉም የጠየቀኝ ወጣት አልነበረም። ድንች ስትልጡና ፍራሽ ስትሸከሙ ነበር የማያችሁ።

ስለ ቲክቶክ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሌሊቱን ላይቭ ላይ የሌላውን ሃይማኖት ስትሰድቡ አድራችሁ ጠዋት ለእናታችሁ ውኃ የማትቀዱ ከሆነ፣ ያ እምነት አይባልም።

ጸሎት ደረቀብን የምትሉም አላችሁ። አዎ፣ ይደርቃል። ለመነኩሴም ይደርቃል። ስሜቱ እስኪመጣ አትጠብቁ። አቡነ ዘበሰማያት ለማድረስ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከቤት ስትወጡ አማትቡ። ሰርቪስ ስትጠብቁ ስልኩን ኪስ ከትታችሁ የዘወትር ጸሎታችሁን በልባችሁ አድርሱ። ፈረቃ ይዟችሁ ቅዳሴ ያመለጣችሁ ቀን አትረበሹ፤ ግን ልማድ አይሁንባችሁ።

ቤት ተከራይታችሁ ብቻችሁን የምትኖሩ ልጆች ጽዋ ማኅበር ግቡ። በወር አንዴ ነው። ጽዋው ሲደርሰኝ ምን አቀርባለሁ ብላችሁ አትፍሩ። ሙሴውን፣ የማኅበሩን መሪ፣ አነጋግሩት፤ አቅማችሁን ያያል። ዳቦና ቆሎም ጸበል ጸዲቅ ይሆናል። ማኅበርተኛ ሲቀር «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ታሞ ከሆነ ቤቱ ይኬዳል። በዚህ ከተማ ታማችሁ ሦስት ቀን ብትተኙ በራችሁን የሚያንኳኳ ማን ነው? መልስ ካጣችሁለት በዚህ ወር ግቡ።

የንስሐ አባት የሌላችሁም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቀርባችሁ አናግሩና ያዙ። ስልካቸውን ተቀበሉ። ኃጢአት ሲከብዳችሁ ብቻ አትደውሉላቸው። ሥራ ልትለቁ ስታስቡ፣ ከአለቃ ጋር ስትጋጩ፣ ልታገቡ ስትሉም አማክሯቸው።