ሳይጠየቅ ለሚዛወር ሰው የሚገባ ሽኝት

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሰው ኃይል አስተዳደር ሙያ ነው፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላም ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ። የቅጥር፣ የዝውውርና የስንብት ደብዳቤ በእጄ ሲያልፍ ኖሯል። ስለ ሽኝት ልጽፍላችሁ ስነሳ ግን ከቢሮው ይልቅ አንድ የቤዝቦል ተጫዋች ቀድሞ ይታወሰኛል፤ ሾን ዱሊትል።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ቤዝቦል 9 ዙር አለው። ጨዋታውን የጀመረው ኳስ ወርዋሪ ክንዱ ሲዝል ተጠባባቂ ወርዋሪዎች በየተራ ይተኩታል። ዱሊትል ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ በተለይ ቡድኑ በጠባብ ልዩነት እየመራ መጨረሻው ዙር ላይ ሲደርስ መሪነቱን አስጠብቆ ጨዋታውን እንዲዘጋ ይጠራል። ከተሳካለት የሚጨበጨበው ነጥብ ላስቆጠሩት ነው፤ ካልተሳካለት ሽንፈቱ የእርሱ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ነገር ሲጨንቅ ይጠራሉ፣ ከጭንቁ ያወጣሉ፣ በዓመታዊው ሪፖርት ላይ ግን ስማቸው አይነሳም።

በኦክላንድ ስታዲየም ተጠባባቂዎቹ የሚያሟሙቁት ከአጥር ጀርባ ሳይሆን እዚያው ሜዳው ጠርዝ ላይ፣ ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ኳሱ የተቀባዩን ጓንት ሲመታው ድምፁን ይሰማል። ቀይ ጢሙን ያስረዘመው ዱሊትል በግራ እጁ ያንኑ ፈጣን ኳስ እየደጋገመ ሲወረውር፣ ከሩቁ ማዕዘን የደጋፊዎቹ ከበሮ ሲመታ፣ እርሱ ገና ወደ ሜዳ ሳይገባ ሕዝቡ ይነሳለት ነበር። ያን ያህል ተጠግተው ሲሠራ ያዩትን ሰው መውደድ አያስቸግርም።

ፍቅሩ ግን ከሜዳው ብቻ የመጣ አልነበረም። የኦክላንዱ ክለብ አትሌቲክስ በ2007 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሲመርጠው ወርዋሪ አልነበረም፤ መቺና የመጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም ሯጮች የሚረግጡት የመጀመሪያው ማረፊያ፣ ጠባቂ ነበር። ሁለቱም ጉልበቶቹ ተጎድተው ቀዶ ሕክምና አስፈለገው፣ ቀጥሎም የእጁ አንጓ ተጎዳ። ዓመታት ካለፉበት በኋላ በ2011 የዩኒቨርሲቲ ዘመን ሙያውን አንስቶ ወደ ወርዋሪነት ተመለሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ጁን ወር ላይ በትልቁ ሊግ ሜዳ ላይ ቆመ። በ2015 አሜሪካኖች በሚያከብሩት የምስጋና ቀን ደግሞ ከሕይወት አጋሩ ከኤሪን ዶላን ጋር ሆኖ ቺካጎ ውስጥ ለሶሪያ ስደተኛ ቤተሰቦች ማዕድ አዘጋጀ። እኔም በሰው አገር እንግዳ ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን አልረሳለትም።

ጁላይ 16 ቀን 2017 ኦክላንድ ዱሊትልንና ሌላውን ተጠባባቂ ወርዋሪ ራያን ማድሰንን ለዋሽንግተን ከተማው ክለብ ለናሽናልስ አሳልፋ ሰጠች። በምትኩ ተጠባባቂ ወርዋሪውን ብሌክ ትራይነንን፣ ሄሱስ ሉዛርዶንና ሼልደን ኖይሲን ወሰደች። ዱሊትል በ2014 የ5 ዓመት ውል ፈርሞ ነበር፤ ውሉ ግን ተጫዋቹን ከክለቡ ጋር አያቆየውም፣ ከተጫዋቹ ጋር አብሮ ይዛወራል እንጂ። በዚህ ስፖርት ክለቦቹ ይስማማሉ፣ ሰውየው ይነገረዋል፣ ሻንጣውን ይሸክፋል። የሴንት ሉዊሱ ተጫዋች ከርት ፍለድ በ1969 ወደ ፊላዴልፊያ ተለውጠሃል ሲባል፣ እንደ ዕቃ የምገዛና የምሸጥ አይደለሁም ብሎ ለሊጉ ኃላፊ ጻፈ፤ ክርክሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በ1972 5 ለ3 በሆነ ድምፅ ተረታ። ኋላ ላይ 10 ዓመት በትልቁ ሊግ ያገለገለና የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ክለብ ያሳለፈ ተጫዋች እንቢ የማለት መብት አገኘ። ዱሊትል ከዚያ አልደረሰም ነበር።

ይህን ሁሉ የማነሳው ሳይጠየቅ የተዛወረን ሰው “ትቶን ሄደ” ማለት ግፍ ስለሆነ ነው። በቢሮም ይህ ይደርሳል። ደብዳቤው ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ጠረጴዛው ባዶ ነው፣ ከነገ ወዲያ ባልደረቦቹ ዞር ብለው ስሙን ማንሳት ይፈራሉ። ቅሬታ ካላችሁ ውሳኔውን ለወሰነው አካል በግልጽ ተናገሩ፤ ሄያጁ ላይ አታሳርፉት። ኦክላንድ የወደደችውን ተጫዋች እየደጋገመች አሳልፋ መስጠቷ ለእኔ አሁንም አይዋጥልኝም፤ በመጨረሻም ክለቡ ራሱ በ2024 ከተማዋን ለቅቆ ሄደ። የደጋፊው ቁጣ ትክክለኛ ቦታው ክለቡን የሚመሩት ዘንድ ነው።

ከዚህ የሚከብደው የሚተካውን ሰው መቀበል ነው። ትራይነን በዋሽንግተን ጨዋታ የመዝጋት ኃላፊነቱን ተነጥቆ፣ አንገቱን ደፍቶ የመጣ ሰው ነበር። የሚወደደውን ሰው ቦታ ይዞ መቆም ቀላል ሸክም አይደለም። በ2018 ግን 38 ጨዋታዎችን ዘጋ፤ በየ9 ዙሩ ሲሰላ በእርሱ ላይ የተቆጠረው በአማካይ 0.78 ነጥብ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት እርሱም ዱሊትልም የሊጉ ምርጦች ለሚጋጠሙበት ጨዋታ ተመረጡ። ለሄደው ያላችሁን ፍቅር በመጣው ላይ ዕዳ አድርጋችሁ አትጫኑት።

ዱሊትልንም የእኛ ወገኖች በብዛት የሚኖሩባት ዋሽንግተን ተቀበለችው። በ2019 “የዓለም ሻምፒዮና” በሚሉት የሊጉ የፍጻሜ ግጥሚያ የመጀመሪያውን ጨዋታ 5 ለ4 ዘግቶ አስረከበ፤ ከተማዋም ከ1924 ወዲህ ያላየችውን ዋንጫ አነሳች። በ2023 መጫወት አቆመ፤ በማግስቱ ዓመት በዚያው ክለብ በውርወራ ስልት ሥራ ላይ ተቀጠረ። ኦክላንድ ያሉ ወዳጆቼ ያን የሻምፒዮና ጨዋታ የራሳቸው ቡድን እንደሚጫወት ሆነው ተከታትለውታል።

እንግዲህ ከመካከላችሁ አንዱ ሲዛወር ኬክ ቆርሶ ፎቶግራፍ መነሳት መልካም ነው፤ በካርዱ ላይ “መልካም ዕድል” ብሎ መፈረም ግን አይበቃም። ያያችሁትን ጻፉለት። የትኛው ቀን፣ የትኛው ሥራ፣ ማን ተጨንቆ ሳለ እርሱ ምን እንዳደረገ በሁለት በሦስት መስመር አስቀምጡ። ሌላ ያላየው ነገር ከሆነ ደግሞ በአለቃው ፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ደብዳቤውም አዲሱ ቦታ ከመግባቱ በፊት፣ በዚያው ሳምንት ይድረሰው። ተተኪው ሲመጣም የቀድሞውን ሙያ ከማውራታችሁ በፊት እርሱ ምን መሥራት እንደሚችል ጠይቁት።