የመርፌ ቀጠሮ ካለፈ የወር አበባ እስኪመጣ አትጠብቂ

ከኮዬ ፈጬ ለጻፍሽው እህቴ ነው። ሌሎችም እንዲከተሉት ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ልጅሽ ዘጠኝ ወሩ ነው፣ ጡት ይጠባል። የሦስት ወሩን የእርግዝና መከላከያ መርፌ መጨረሻ የወሰድሽው ጥቅምት 11 ነው። ቀጠሮሽ ጥር 12 ነበር፤ ለጥምቀት ክፍለ ሀገር ሄደሽ አለፈሽ። ዛሬ የካቲት 18 ነው። የወር አበባ ከወለድሽ ወዲህ አይተሽ አታውቂም። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ «የወር አበባሽ ሲመጣ ነይ» ብለው መለሱሽ። ጎረቤት ደግሞ የክንዱ (ክንድ ውስጥ የሚቀበረው መከላከያ) ወደ ልብ ይሄዳል፣ መርፌው ማህፀን ያደርቃል ትላለች።

ከሁሉ በፊት «ሲመጣ ነይ» የተባልሽውን ልያዝ፤ ከጥያቄሽ ውስጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ይህን ምክር ይዘሽ ቤትሽ አትቀመጪ። መርፌው እንቁላል ከእንቁልጢ እንዳይወጣ ያደርጋል፣ የማህፀን በር ላይ ያለውን ፈሳሽ ያወፍራል፣ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ደግሞ ስስ ያደርገዋል። በየወሩ የሚፈስሰው ደም የሚመጣው ከዚያ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ካልወፈረ የሚፈስስ ነገር የለም። «ደሙ ውስጤ ተጠራቀመ» የሚባለው ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ አልተሠራም እንጂ አልተጠራቀመም። አንቺ ላይ ጡት ማጥባቱም ተጨምሮበታል። ስለዚህ የወር አበባሽ ለመምጣት ወራት ሊወስድ ይችላል።

አደጋው ደግሞ እዚህ ጋ ነው፦ እንቁላል የሚወጣው ከደሙ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ነው። ደም ልይ ብላ የምትጠብቅ ሴት ምንም ደም ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች። «ከወለድኩ የወር አበባ ሳላይ አረገዝኩ» የሚሉ እናቶች የሚሉት ልክ ነው። ጡት ማጥባት ብቻውን እርግዝናን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው፦ ልጁ ከስድስት ወር በታች ከሆነ፣ ያለ ሌላ ምግብ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ከጠባ፣ የወር አበባም ካልተመለሰ። ያንቺ ልጅ ዘጠኝ ወሩ ስለሆነ በዚህ አትመኪ።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። የመርፌው ቀጠሮ በትክክል 13 ሳምንት፣ ማለትም 91 ቀን ነው። እስከ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መውሰድ ይቻላል፤ እስከ አራት ሳምንት ቢዘገይም ያለ ምርመራና ያለ ተጨማሪ መከላከያ ይሰጣል። ያንቺ ሁለት ሳምንት ቀደም ማለት ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ ነበር። ለጥምቀት ከመውጣትሽ በፊት ወስደሽው መሄድ ትችዪ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ለወደፊቱ ያዢው፣ ለፋሲካም ለሰርግም ይሠራል። የአራቱ ሳምንት የእፎይታ ጊዜ ያበቃው የካቲት 10 ነው። እስከዚያ ድረስ ጥበቃው አልተለየሽም። አሳሳቢዎቹ ከየካቲት 10 ወዲህ ያሉት ስምንት ቀናት ብቻ ናቸው። ስለዚህ አትደንግጪ፤ ግን አታሳድሪው።

ከየካቲት 10 ወዲህ ከባለቤትሽ ጋር ካልተገናኛችሁ፣ ወይም በኮንዶም ብቻ ከሆነ፣ መርፌው ነገውኑ ይሰጥሻል። ከዚያ ሰባት ቀን በኮንዶም መቆየት ነው። ያለ ኮንዶም ከተገናኛችሁና አምስት ቀን ካልሞላው ፖስት ፒል (የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ኪኒን) ውሰጂ። ማሸጊያው ላይ 72 ሰዓት ይላል፤ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይወሰዳል፣ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ግን ጉልበቱ ይቀንሳል። ለምታጠባም ይሆናል። መርፌውን በዚያው ቀን መውሰድ ትችያለሽ፣ ሰባቱ ቀን ኮንዶም እንዳለ ሆኖ።

አምስት ቀኑ ካለፈስ? የሽንት ምርመራ ይደረግልሽ፤ ግን ውጤቱን በጥንቃቄ አንብቢው። ምርመራው በትክክል የሚለየው ካለመከላከያ ከተገናኛችሁበት ቀን ሦስት ሳምንት ሲሞላ ነው። ያንቺ ስጋት ያለው ባለፉት ስምንት ቀናት ስለሆነ ዛሬ «የለም» ቢልም ያለፈውን ሳምንት አይነግርሽም። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሦስት ሳምንት በኮንዶም ቆይቶ ተመርምሮ መጀመር ነው። ሌላው ዛሬ የሽንቱ ውጤት ነፃ ከሆነ መርፌውን ወይም የክንዱን ወስዶ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ምርመራውን መድገም ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሦስት ሳምንት ጠብቂ የተባለች እናት ልጅ ይታመማል፣ ታክሲ ይጠፋል፣ ቀኑ ያልፋል። ምናልባት ጽንስ ኖሮ መርፌው ቢሰጥ ጽንሱን እንደሚጎዳ የታወቀ ነገር የለም። ለሲስተሯም ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው፦ «የወር አበባ ሳይመጣ፣ እርግዝና አለመኖሩ ታይቶ ይሰጠኝ» በያት።

ካርድሽ አሮጌው ሰፈር ያለ ከሆነ ለእሱ ብለሽ ወደ መሀል ከተማ አትመላለሺ። የቤተሰብ ምጣኔ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ሁሉ በነፃ ነው፤ አዲስ ካርድ ይወጣልሻል። የቀጠሮ ወረቀትሽን ብቻ ያዢ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እዚያው ቆመሽ ጠይቂ። «20/1» የሚለው በፈረንጆቹ ጥር 12 ነው፣ በእኛ ግን መስከረም 20 ይሆናል፤ በዚህ ቀጠሮ የሚያመልጣቸው ብዙ ናቸው። በ«ሦስት ወር» መቁጠርም ጳጉሜ ሲገባበት ይስታል፦ ነሐሴ 5 የወሰደች ሴት ኅዳር 5 ነው ብላ ትጠብቃለች፣ 91ኛው ቀን ግን ኅዳር 1 ነው። ቀላሉ ዘዴ የሳምንቱን ቀን መያዝ ነው። ማክሰኞ ከወሰድሽ ቀጠሮሽ ሁልጊዜ ማክሰኞ ነው፣ 13ኛው ማክሰኞ።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነገር ተመልከቺ። ግፊትሽ ይለካ፤ 160 በ100 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይህ መርፌ አይሰጥም። ብልቃጡ ሲቀመጥ ነጩ መድኃኒት ከታች ይዘቅጣል፤ በደንብ ካልተናጠ መድኃኒቱ ብልቃጡ ውስጥ ይቀርና ውሃው ብቻ ይወጋል። መጠኑ 150 ሚሊ ግራም በአንድ ሚሊ ሊትር ነው፣ ሁሉም መቀዳት አለበት። ከተወጋሽ በኋላ ደግሞ ቦታውን አትሺው፣ ሙቅ ነገርም አታድርጊበት፤ መታሸት መድኃኒቱን ቶሎ እንዲሰራጭ ያደርግና ሦስት ወር ሳይሞላ ጉልበቱ ይደክማል። ከዚህ ውጭ ምክንያቱ ያልታወቀ የማህፀን ደም፣ የጡት ካንሰር ወይም ከባድ የጉበት ሕመም ካለብሽ አስቀድመሽ ተናገሪ።

«ያደርቃል» ስለሚባለው፦ መርፌው መካን አያደርግም። እውነት ያለው ይህ ነው፣ ካቆምሽ በኋላ ማርገዝ ይዘገያል። ከሌሎቹ ዘዴዎች በአማካይ አራት ወር ያህል ይረዝማል፤ ከመጨረሻው መርፌ ብዙ ጊዜ አስር ወር አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ መርፌው ላንቺ የተሻለው አይደለም። ካለፈው ወሊድ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት መራራቅ ስለሚመከር ግን እስከዚያ ጊዜ አለሽ።

ቀጠሮ የሚያስቸግርሽ ከሆነ የክንዱ ይሻልሻል ባይ ነኝ። ሁለት ዓይነት አለ። ኢምፕላኖን አንድ ዘንግ ነው፣ ክብሪት እንጨት የሚያክል፣ 4 ሴንቲ ሜትር፤ ለ3 ዓመት ይሠራል። ጃዴል ሁለት ዘንግ ነው፣ ለ5 ዓመት። የትኛው እንደገባልሽ ስሙን ወረቀት ላይ አስጽፊ፤ ካላወቅሽ መቼ እንደሚወጣ አታውቂም። የሚገባው በማትሠሪበት ክንድ፣ ከላይኛው ክንድ በውስጥ በኩል፣ ከቆዳ ስር ብቻ ነው። ያደነዝዙሻል፣ ደቂቃዎች ይፈጃል። ከመነሳትሽ በፊት በጣትሽ ዳብሺው፤ ሁለቱንም ጫፍ ማግኘት አለብሽ። ካልተገኘ ሳታረጋግጪ አትውጪ፣ እስኪረጋገጥም ኮንዶም ተጠቀሚ። ከቆዳ ስር በትክክል የገባ ከቦታው አይሄድም፤ የሚያስቸግረው ጥልቅ ወደ ጡንቻ የገባ ነው፣ መዳበሱም ለዚህ ነው። ለአራት ቀን ውሃ አታስነኪው፣ ልብስ ማጠብም ለሌላ ሰው ተዪ። መግል፣ ትኩሳት ወይም የዘንጉ ጫፍ ብቅ ማለት ካየሽ በዚያው ቀን ተመለሺ።

የክንዱን ብዙ ሰው የሚያስወጣው በሚንጠባጠብ ደም ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተዛባ ደም መኖሩ የሚጠበቅ ነው፣ አደጋም አይደለም። ካስቸገረሽ አይቡፕሮፌን 800 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለአምስት ቀን ይሰጣል፣ ከምግብ በኋላ ብቻ። ጨጓራ ካለብሽ አይሆንም። ጾም ይዘሽ ከሆነ በባዶ ሆድ እንዳትወስጂው ለሲስተሯ ንገሪያት። የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካርባማዜፒን ወይም ፌኒቶይን፣ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት ኢፋቪሬንዝ የምትወስጂ ከሆነ የክንዱና በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን ይደክማሉ፤ መርፌው ግን አይነካም። ያን ጊዜ መርፌው ላይ መቆየት ነው።

ማስወጣት ስትፈልጊ የሰለጠነ ባለሙያ ጋ፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ። «ለምን?» ቢሉሽ ምክንያት ማቅረብ ግዴታሽ አይደለም። በወጣ ማግስት ማርገዝ ይቻላል። ሰፈር ውስጥ በምላጭ አወጣለሁ የሚል ሰው ጋ በፍጹም እንዳትሄጂ፣ በክንዱ ውስጥ በኩል ደም ስርና ነርቭ ያልፋል።

ኪኒን ከመረጥሽ ግፊትሽ ከ140 በ90 በታች መሆን አለበት፤ ልጅሽ ስድስት ወር ስላለፈው ማጥባትሽ አያግድሽም። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕም ይሆንሻል፣ ሆርሞን የለውም፣ ከአስር ዓመት በላይ ይቆያል፤ ግን እሱ እርግዝና አለመኖሩ ሳይረጋገጥ አይገባም።

ነገ የካቲት 19 መርፌውን ብትወስጂ የሚቀጥለው ቀጠሮሽ ግንቦት 20 ነው። ከግንቦት 6 ጀምሮ መውሰድ ትችያለሽ፣ ቢዘገይ ደግሞ ሰኔ 18 የመጨረሻው ቀን ነው። ሦስቱንም ቀን አሁን ስልክሽ ላይ መዝግቢ።