የአልጋ ቁራኛ ቤት ውስጥ ሲታመም፦ ጥያቄና መልስ ከሲስተር ጋር (ደሴና ኮምቦልቻ)

ከሆጤ፦ ሲስተር፣ አባባን ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው አይንቀሳቀስም። የቀጠርናት ልጅ ጠዋትና ማታ ታገላብጣቸዋለች። ከወገባቸው ዝቅ ብሎ ጠቆር ብሏል፣ ሲነኩት ይሞቃል።

ሲስተር፦ የአልጋ ቁስል ጀምሯቸዋል። መቅላት አትጠብቁ፤ በእኛ ቆዳ ጎልቶ አይታይም። መጥቆሩን፣ መሞቁን፣ ከአጠገቡ ይልቅ መጠንከሩን ወይም መላላቱን በእጅ ዳብሱ። እስኪያገግም በጀርባቸው አይተኙ፤ ሌሊትም ቢሆን በየ2 ሰዓቱ ከቀኝ ወደ ግራ። በጎን ሲሆኑ ዳሌ አጥንታቸው ላይ አይደፉ፤ ጀርባቸውን በትራስ ደግፋችሁ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ይበሉ። ተረከዛቸው ፍራሽ እንዳይነካ ትራሱ ከባታቸው ስር ይግባ። ወደ ላይ ስታወጧቸው አትጎትቱ፣ ጉተታ ቆዳ ይልጣል፤ ሁለት ሆናችሁ በአንሶላው አንሱ። ግራ እጃቸውን ይዞ መሳብማ ትከሻቸውን ያወልቃል። ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፉ፦ ሰዓት፣ የተኙበት ጎን፣ የቆዳው ሁኔታ፣ የልጅቷ ፊርማ። የጠቆረውን ግን አትሹት!

ከሸዋበር፦ መሀሉ ክፍት የሆነውን የጎማ መቀመጫ ብንገዛላቸውስ?

ሲስተር፦ አትግዙ። ዙሪያውን ስለሚጫን መሀሉ ደም ያጣል።

ከሰኞ ገበያ፦ የእኛ ሰፈር ወጌሻ በለጋ ቅቤ አሽተው ስንቱን አድነዋል።

ከአራዳ፦ ወጌሻ ለወለምታ ነው ወዳጄ። ቁስልን ምን አገናኘው?

ከሰኞ ገበያ፦ ድሮ ሲስተር ነበረ እንዴ? ሰው አልታመመም?

ሲስተር፦ ክርክሩን ውጭ አድርጉት። ከስር የተጎዳ ሥጋ ሲታሽ ይብስበታል። አትሹት።

ከኮምቦልቻ፦ ፍሪጅ የለንም፣ የእማማ ኢንሱሊን ይበላሽ ይሆን?

ሲስተር፦ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ፍሪጅ ካለው ጤና ተቋም በየጊዜው አንድ አንድ ብልቃጥ ውሰዱ። የተከፈተው ከሙቀት ከተጠበቀ ብዙው ዓይነት እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ የከፈታችሁበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉ። የእናንተ ሙቀት የደሴ አይደለምና ትንሹን ገንቦ ትልቁ ውስጥ አስቀምጡ፣ መሀላቸውን በእርጥብ አሸዋ ሙሉ፣ ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልላችሁ ውስጡ አኑሩ። በረዶ የነካው ይጣላል።

ከቧንቧ ውሃ፦ እናቴ ታማለች፣ ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ ዕድሜዋን፣ ሕመሟን፣ የምትወስደውን መድኃኒት ሳትጽፍ ምን ልበልህ?

ከፒያሳ፦ አክስቴ ኦክስጅን ላይ ናት። ብርዱ ስላስቸገረን ቡናውን እዚያው ብናፈላስ?

ሲስተር፦ በፍጹም። ከሰልም ዕጣንም ክብሪትም ኦክስጅን ካለበት ክፍል ይውጣ። ኦክስጅን ባይኖርም በተዘጋ ቤት ከሰል የሚያወጣው ጋዝ አይሸትም፣ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ስለሚቆም የተሞላ ሲሊንደር በተጠንቀቅ ይኑር።

ከአራዳ፦ ለተንከባካቢ በወር ስንት ይከፈላል?

ሲስተር፦ የዋጋውን ደላላ ጠይቁ። መርፌ የምትወጋ ከሆነ ግን የሙያ ፈቃዷን ሳታዩ አትቅጠሩ።

ከሐይቅ መንገድ፦ ይቅርታ አሁን ገባሁ። ለጠቆረ መቀመጫ ቫዝሊን ማሸት...

ሲስተር፦ ከላይ አንብቡ! አትሹት።

ከኮምቦልቻ፦ ደም የነካው ወለል በምን ይጸዳል?

ሲስተር፦ በረኪናው 5 ፐርሰንት ከሆነ 1 ኩባያ በረኪና በ9 ኩባያ ውሃ። ጓንት አድርጋችሁ ደሙን በጨርቅ አንሱ፣ አፍሱበት፣ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ጥረጉ። የዛሬው ብጥብጥ ለነገ አያድርም፤ ከአሲድ ጋርም አይቀላቀልም።